በብዙነህ ስም ያለው መብራት

ሙርዋይክ፣ ዴን ሃግ፣ ሆላንድ
ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ጋሼ መልአኩ፣

እንደምን ሰነበቱ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? የእማማ ደም ግፊትስ እንዴት ሆነ? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ። ይህን በስልክ ልነግርዎት ደጋግሜ ሞክሬ አልሆነልኝም። ወደ ደሴ ለሚመጣ ሰው ጽፌ የሰጠሁት ለዚህ ነው። እባክዎ ብቻዎን ሆነው ያንብቡት።

ብዙነህ ካረፈ አራት ወር አለፈው። ባሌን እዚሁ ስንቀብር፣ መጀመሪያ የእማማ ጤና ይመለስ፣ መርዶው አይነገራቸው ያሉት እርስዎ ነዎት፤ እኔም እሺ አልኩ። ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ እማማ ሲደውሉ «ፈረቃ ላይ ነው፣ ሮተርዳም ሄዷል» እያልኩ ልጃቸውን ሥራ ላይ አቆየዋለሁ። ሰው ሞቶም አያርፍም እንዴ ጋሼ?

አሁን የምነግርዎት የመብራት ወሬ ነው፤ አይሳቁብኝ። ወንድምዎ በቁጠባ የመጣበትን እንደማይምር ያውቃሉ። ዋጋው በየሰዓቱ የሚወጣና የሚወርድ የመብራት ውል ገብቶ ነበር። ንፋስ ሲነፍስ፣ ፀሐይ ስትወጣ ይረክሳል። ታዲያ የሳሎኑ ማሞቂያ የቀኑ ዋጋ ዝቅ በሚልበት ሰዓት በራሱ እንዲበራ ከስልኩ አዞት ነበር። እሱ ከሄደም በኋላ ማሞቂያው ትእዛዙን አልረሳም። ከምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ስመለስ፣ ማንም ያልዋለበት ቤት ሞቆ ይጠብቀኛል። በሩን ከፍቼ «መጣህ?» ያልኩባቸው ቀኖች አሉ። ካፖርቴን ሳላወልቅ ቆሜ ኮሪደሩን አዳምጣለሁ። እፈራለሁ፤ ደግሞ እንዳይቀርብኝም እፈራለሁ። ከሶኬቱ ነቅሎ መገላገል ይቻል ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ብርዱ ሲገባ ርካሽ የተባለው ሰዓት ሳይቀር ዋጋው ናረ፣ ሂሳቡም እጥፍ ሆኖ መጣ። እሱ ቢኖር በየቀኑ እያየ ያስተካክለው ነበር፤ እኔ የስልኩን መክፈቻ ቁጥር እንኳ አላውቅም። አብራኝ የምትሠራ ሙሂባ የምትባል የወሎ ልጅ ሂሳቡን አይታ ጮኸችብኝ። «ውድዬ፣ አብደሻል እንዴ? ዋጋው ዓመቱን ሙሉ የማይነቃነቅ ፋስት የሚሉት ውል አለ እኮ! በይ ነይ፣ ዛሬውኑ ቀይሪ!» በምሳ ሰዓት የየድርጅቱን ዋጋ አወዳድራ፣ የእኛው የመብራት ድርጅት ራሱ የተሻለ ውል እንዳለው አሳየችኝ።

ለድርጅቱ ስደውል ያነሳው ሰውዬ ትሑት ነበር። «ውሉ በባለቤትዎ ስም ነው፤ እሳቸውን ማነጋገር እችላለሁ?» አለኝ።

«ፈረቃ ላይ ነው» አልኩት። አስቤው አይደለም፤ አፌ ለምዶት ነው።

«እንግዲያው ማታ ልደውልላቸው» ሲል ግን አቋረጥኩት። «አይደውሉለት፤ ሞቷል» አልኩት፣ በሆላንድኛ። በአማርኛ ቃሉ እስከ ዛሬ ከአፌ አልወጣም። ሰውዬው አጽናናኝ፤ የሞተበትን ቀን ጠየቀኝ፤ ስሙን አውጥቶ የእኔን አስገባ። ለእናቱ ያልነገርኩትን ለመብራት ድርጅት ነገርኩ። ያን ቀን ቤት ስገባ ማሞቂያውን ነቀልኩት። ሳሎኑ ሲቀዘቅዝ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ጋሼ፣ ከእንግዲህ መዋሸት አልችልም። ይቆጡኝ ይሆናል፤ ግን ይህን ይስሙኝ። ትናንት እማማ ደወሉ። «ብዙነህስ?» እስኪሉኝ ድረስ የተለመደውን ውሸቴን አዘጋጅቼ ጠበቅሁ። አልጠየቁኝም። «ልጄ፣ ያን ብርድ ብቻሽን እንዴት ቻልሽው?» አሉኝ። ጋሼ፣ እማማ አውቀውታል።

እባክዎ ሽማግሌዎቹን ይዘው በማለዳ እማማ ዘንድ ይግቡና መርዶውን ይንገሯቸው። ለጤናቸው ብለን ልቅሶ ከልክለናቸዋል። ከተነገራቸው በኋላ ስልኩን ይስጡልኝ፤ አብሬያቸው ማልቀስ እፈልጋለሁ።

እግዚአብሔር ቤትዎን ይጠብቅ፤ ለእማማም ብርታቱን ይስጥልን።

እህትዎ
ውድነሽ