የኋላ ክፍሉ ምስማር

ወንድም ጋሼ፣

ሰላምታውን ከማስቀደሜ በፊት አንዲት ጉድ ልንገርህ፤ ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከኔው ይሻላል። ባለፈው ማክሰኞ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከሣር ማጨጃ ማሽን ሸሽቼ የልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ ወጣሁ። ያውም ቀሚሴን ሰብስቤ። ያቺ ዓይኗን አጥር የማያግደው ጎረቤታችን ከነማማሰያዋ ወጥታ አየችኝ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሰፈሩ በሙሉ ሰምቶ ነበር።

እሺ፣ አሁን ሰላምታዬ ይድረስህ። እንደምን ሰነበትክልኝ? ጉልበትህ እንዴት ነው? ልጅህ ቤት ደረጃው አልከበደህም? ምሳህን በሰዓቱ ትበላለህ ወይስ እንደ ልማድህ ካልተጠራህ አትመጣም? እኛ ደኅና ነን። ባለቤቴም ደኅና ነው፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሬዲዮ እጠግናለሁ እያለ፣ የሚሠራውን ሬዲዮ ሁሉ ዝም አሰኝቶታል።

ነገሩ የጀመረው እሑድ ነው። የክሊኒኩ አትክልተኛ፣ ያ ረጅሙ ደንበኛህ፣ የማጨጃውን ቢላ በጋዜጣ ጠቅልሎ በሩን አንኳኳ። ልጅህ ዘንድ መሄድህን አልሰማም ነበር። ስነግረው ቢላውን እንዳቀፈ በረንዳው ላይ ቁጭ አለ። ለካ ሰውየው ጭንቅ ላይ ነው። ቢላው ደንዝዞ ሣሩን መቁረጡን ትቶ ይነጨዋል፤ የተነጨው ሣር ጫፉ ይደርቃል፤ ግቢው ቢጫ ሆኗል። የግቢ ኃላፊው ደግሞ እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ፣ ሥራውን ትልቅ ማሽን ላለው ድርጅት ሰጥቶ እሱን እንደሚያሰናብተው ነግሮታል።

አፌን ምን እንዳስከፈተው እንጃ፣ ተወው እኔ እሞርደዋለሁ፣ የማን እህት መሰልኩህ አልኩት። ልርዳዎት ቢለኝም፣ ሂድና ማክሰኞ ና ብዬ ሸኘሁት።

እውነቱን ልንገርህና፣ ለሱ አዝኜ ብቻ አይደለም። ከሄድክ ወዲህ፣ ስትሞርድበት በነበረው የኋላ ክፍል በር ባለፍኩ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ። ያጠብኩት አንሶላ ላይ የብረት ብናኝ አርፎ ያገኘሁ ቀን የተናገርኩህን አልረሳሁትም። ይሄ ቤት ነው ጋራዥ፣ ብረትህን ይዘህ የምትሄድበት አጣህ ወይ አልኩህ። አንተ አንሶላውን ከገመዱ አውርደህ አራገፍክልኝ። በሳምንቱ ሻንጣህን አነሳህ። እኔ ነኝ ያባረርኩት እያልኩ ይኸው አራት ወር ውስጤን ሲበላኝ ከረመ።

ብቻ ገባሁ። ሞረዶችህን ዘይት ባጠጣኸው ጨርቅ ጠቅልለህ አስቀምጠሃቸዋል፤ የዝገት ነጥብ የለባቸውም። ቢላውን በብረት መያዣው፣ በሞርሳው፣ ጥርቅም አድርጌ አስሬ መሞረድ ጀመርኩ። ከኩሽናው መስኮት ስንት ዓመት ሳይህ ኖሬ የለ? አንዱን ጫፍ እንደ ምላጭ አወጣሁት። ሁለተኛው ጋ ስደርስ ክንዴ ዛለ። እንደ ነገሩ አሸት አሸት አደረግኩትና፣ ማን ያውቃል ብዬ ተውኩት።

ያወቀው ማሽኑ ነው። ማክሰኞ አትክልተኛው እየገፋ አመጣው፣ ቢላውን ገጥሞ ጓሮ ውስጥ አስነሳው። ምን ልበልህ፣ ወባ እንደያዘው ሰው ተንዘፈዘፈ። ከእጁ አመለጠና እየተንገጫገጨ ቀጥ ብሎ ወደኔ። ድንጋዩ ላይ የወጣሁት ያኔ ነው። ባለቤቴ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ አይ ሴትዮ፣ አርባ ዓመት ያንቀጠቀጥሽኝ እኔን ብቻ መስሎኝ ነበር አለና ሳቁን ለቀቀው።

አትክልተኛው ግን አልሳቀም። ማሽኑን አጥፍቶ፣ ድንገት እንዳይነሳ የካንዴላውን ገመድ ነቅሎ፣ ቢላውን ፈታና ወደ ክፍልህ ገባ። ግድግዳውን ዞር ዞር ብሎ አየ።

«እትዬ፣ የጋሼ ምስማር የታለ?»

ሁለተኛውን እፍረቴን ደግሞ ስማ። ከሞርሳው በላይ ያለችው ምስማርህ ላይ የሽንኩርት ከረጢት ሰቅዬበት ነበር። አንስቼ አሳየሁት። ቢላውን በመሀሉ ቀዳዳ አንጠለጠለና ቀስ ብሎ ለቀቀው። የሰነፍኩበት ጫፍ ወዲያው ወረደ። የወረደው ከባዱ ነው፣ እሱን ትንሽ ይሞርዱና መልሰው ይሰቅሉታል፣ አሁንም ከወረደ እንደገና ነው አለኝ፤ ወዲያም ወዲህም ሳይል እንደ መደርደሪያ ቀጥ ብሎ እስኪቆም ድረስ። ለካ ስለቱ ብቻውን ምንም አይደለም። ዋናው ሥራህ እዚያች ምስማር ላይ ነው፣ እኔ ሽንኩርት ሰቅዬበታለሁ።

እየሞረድኩ፣ ይህን ሁሉ ከየት ተማርከው አልኩት። ከጋሼ ነው አለ። ቀጥሎም፣ «ከዓመት ወዲህ እኮ የምሞርደው እኔ ነበርኩ። ጋሼ ምስማሩን ያያሉ» አለኝ። ይህን ብሎ ወደ በሩ ዞረ።

በእጄ የያዝኩትን ሞረድ አየሁት። እጀታው ላይ የብስክሌት ጎማ ላስቲክ ደጋግመህ ጠምጥመህበታል፤ የልጅ ክንድ ያህል ወፍሯል። ሻይ ስቀዳልህ፣ ግማሽ ኩባያ ብቻ ትለኝ የነበረው ትዝ አለኝ። እኔ ኩርፊያ መስሎኝ ሞልቼ አስቀምጥልህ ነበር፤ ለካ እጅህ ላይ እንዳይፈስ ኖሯል። በቃ። ስለዚህ ነገር ከአፌ አንዲት ቃል አትወጣም።

ዓርብ ጠዋት የደም ግፊቴን ልለካ ብዬ ክሊኒኩ ሄድኩ። አዎ፣ ምክንያት ነው፣ አትሳቅብኝ። ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ሰማሁት። ማሽኑ ድምፁ አንድ ወጥ ነው፣ ንብ ማለት ነው። ኃላፊው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ወጣ፣ ጎንበስ አለ፣ አንድ ዘለላ ሣር ነቅሎ ጫፉን አገላብጦ አየ። አዲስ ማሽን ነው እንዴ ሲል ሰማሁት። የድሮው ነው አለ አትክልተኛው። እንግዲያው በርታ ብሎት ገባ። ያ ረጅም ሰው አጥሩ ጥግ ድረስ አጭዶ መጣና፣ ማሽኑን ሳያጠፋ ባርኔጣውን አነሳልኝ። ግፊቴ ግን ከፍ ብሎ ተገኘ።

ወንድም ጋሼ፣ አመሰግንሃለሁ። ስለ ሞረዶቹ ዘይት፣ ምስማሯን ሳትነቅል ስለ መሄድህ፣ ለዚያ ክፉ ምላሴም መልስ ስላልሰጠኸኝ። የሄድከው በኔ ምላስ እንዳልሆነ፣ በደወልክ ቁጥር እየሳቅክ የምታናግረኝ ለምን እንደሆነም አሁን ገብቶኛል።

ሽንኩርቱ ወደ ኩሽና ተዛውሯል። አንሶላዬን በፊት ለፊቱ በር በኩል አሰጣለሁ። ወንበርህን ምስማሯ ፊት ለፊት አድርጌዋለሁ። ክንድ እኔ አለኝ፣ አትክልተኛውም አለ፤ ዓይን ነው የጎደለን። ሻይህን በግማሽ ኩባያ፣ አሥር ጊዜም ቢሆን እየተመላለስኩ እቀዳልሃለሁ። መልስ ለመጻፍ አትድከም፣ መደወሉ ይበቃኛል።

ፈጣሪ ዕድሜህን ያርዝምልኝ፣ ደረጃውንም ያቅልልህ። ልጅህን ሳምልኝ።

አትክልተኛው የጓደኛውን ቢላ ደግሞ አምጥቶልኛል። ይኸው ስጽፍልህ ምስማሯ ላይ ተንጠልጥሏል። ለኔ ቀጥ ያለ ይመስለኛል፣ ባለቤቴ ወደ ግራ አዘንብሏል ይላል። እስከ ሐሙስ ማንም እንዳይነካው ብያለሁ። አንተ መጥተህ ካላየኸው፣ በየትኛው በኩል እንደወረደ እኔው እጽፍልሃለሁ።

ምላሷን ሞረድ የነካት
ታናሽ እህትህ