ብቻህን አታንብብ

አዲስ አበባ፣ ዶሮ ማነቂያ
ኅዳር 14 ቀን 1971 ዓ.ም.

ወንድሜ አጽብሐ፣

ላይፕዚግ ብርዱ ከፍቷል ብለህ ነበርና ከሁሉ በፊት ጤናህን እጠይቃለሁ። እናታችን አደይም እኔም አለን። ይህን ደብዳቤ የያዘችልህ ዓለምጸሃይ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ናት፤ ለስልጠና ወደ እናንተ አገር ተልካ ነው። በፖስታ ቢሆን ከአንተ በፊት ሌላ ሰው ያነበዋል። በእጇ ስለሆነ እንደ ልቤ እጽፋለሁ፤ አንተም አንብበህ ስትጨርስ አቃጥለው።

በደብዳቤህ ላይ በቃል ፈተናው ወደቅኩ፣ በየካቲት ደግመው ይፈትኑኛል፣ ያን ካላለፍኩ ማስተርሱ ይቅርብኝና አገሬ እገባለሁ ያልከውን አነበብኩ። ለአደይ ሳነብላት ያንን መስመር ዘለልኩት። "ደህና ነው፣ ያጠናል" አልኳት።

ከዚያ ፒያሳ ወጥቼ ጋሽ አባይነህን ፈለግኳቸው። ውጭ ተምረው የመጡት፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ጎረቤታችን። ዛሬ ዛሬ መንገድ ላይ ሰላምታ እንኳ በቅንድባቸው ነው የሚሰጡት። ኬክ ቤቱ ባንኮኒ ላይ ተደግፈው ማኪያቶ ያዛሉ፤ የቡናው ማሽን ሲጮህ ያወራሉ፣ ዝም ሲል ዝም ይላሉ። ያንተን ነገር ስነግራቸው፣

"መምህሩ ገባህ ወይ ሲለው ምን ይላል?" አሉኝ።

"መሬት መሬት እያየ እሺ ይላል" አልኳቸው። ያሳደግኩህ እኔ፣ መች አጣሁህ!

"እኔም የመጀመሪያው ዓመት ላይ እንደዚያው ነበርኩ። እኛ አክብረን ዝም እንላለን፣ እነሱ አያውቅም ብለው ይጽፋሉ። ያልገባውን ጽፎ ይዞ የመምህሩን ቢሮ ያንኳኳ በይው።"

ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል ሰምተህ አድገሃል። ዛሬ ደጃዝማችነቱ ለተናገረውም ቀርቷል፤ አንተ ግን ማስተርሱ አይቅርብህ።

ሌላም ብለዋል። መጽሐፉን እንደ ዳዊት ከዳር እስከ ዳር አትድገመው። አንተ ደግሞ መሸምደድ ነፍስህ ነው! መግቢያውንና መደምደሚያውን አስቀድመህ እይ፣ ሰውየው ምን ሊል ፈልጎ ነው ብለህ ራስህን ጠይቅ፣ ከዚያ መጽሐፉን ዘግተህ በራስህ ቃል ጻፈው። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች መጽሐፍ ለማቀበል ብቻ አይደሉም አሉ፤ ይህን ጉዳይ ላጠና ነው፣ ከየት ልጀምር ብትላቸው ይመሩሃል። ካንተ በፊት የተመረቁት የጻፉትንም አስወጥተህ ብታይ ከአንተ የሚጠበቀው ምን ያህል እንደሆነ ይገባሃል።

የመጨረሻውን ግን ማሽኑ እየጮኸም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የነገሩኝ። "ብቻውን አያንብብ። ሦስት አራት ሆነው እየተጠያየቁ ይከራከሩ። የቃል ፈተና በሌላ አይታለፍም።" ይህን ብለው ዞር አሉና በሩን አዩ።

አጽብሐ፣ ለምን ብቻህን እንደምታነብ አውቃለሁ። አንተና ካሣሁን በኔ ክፍል ለኬሚስትሪ ፈተና ስትጨቃጨቁ ጎረቤቱ ሁሉ ይማረር ነበር። አንተ በሄድክ በወሩ ካሣሁንን ከሁለት ልጆች ጋር ደብተር ዘርግተው ሲያጠኑ የቀበሌ ጠባቂዎች ይዘው እንደወሰዱት ሰምተሃል። በር ዘግተው ካነበቡ ስብሰባ ነው ተባለ። ያልሰማኸውን ልንገርህ። እናቱ እትዬ የሺዓለም ስንቅ ሲያመላልሱ ከረሙ። ባለፈው ወር የእስር ቤቱ ዘበኞች ምግቡን ከነሳህኑ መልሰው "ከእንግዲህ አታምጪ" አሏቸው። ለቅሶ መቀመጥም ተከለከሉ። ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ ሰው እንዳይጠረጥር ስለ ጤፍ ስናወራ ዋልን። ነጠላቸውን እንኳ ማዘቅዘቅ አልቻሉም።

ወንድሜ፣ አልቅስለት። እኛ አልቻልንም፤ አንተ እዚያ የሚከለክልህ የለም። ካለቀስክ በኋላ ግን ሄደህ ከሰው ጋር አንብብ። ሰው ስታይ ካሣሁን እየመጣብህ እንደምትሸሽ ይገባኛል፣ ግን እዚያ አብሮ ማንበብ አይገድልም።

እኔንም ቀበሌ ጠርተውኝ ነበር። ከካሣሁን ጋር ያነቡ የነበሩትን ሁሉ ስም ይዘዋል፣ ያንተም አለበት። "መቼ ይመለሳል?" አሉኝ። ትምህርቱ አላለቀም አልኩ። ሳምንት ያህል እዚያው አቆይተው ለቀቁኝ። አሁን ደህና ነኝ፤ ጽሕፈቴ ቢንጋደድብህ የኅዳር ብርድ ነው በል።

ስለዚህ አገሬ እገባለሁ የሚባል ነገር እንዳልሰማ። የካቲትን እለፍ። ስታልፍ ዶክትሬቱን ጠይቅ። እሱም ሲያልቅ የሚማር ነገር አይጠፋም።

አደይ ጊዮርጊስን ሳትሳለም አትውልም። ትናንት አብሬአት ሄድኩ። ግንባሯን ከደጁ አስደግፋ "ልጄን አስተምረህ ቶሎ መልስልኝ፣ ዓይኑን ሳላይ አትግደለኝ" ስትል ሰማሁ። አሜን እንድል ዞራ አየችኝ፤ አሜን አልኩ። እሷ ቀድማኝ ስትሄድ ተመለስኩና እዚያው ደጅ ላይ ቆሜ "አትስማት" አልኩት።

አንደበትህን ይፍታልህ፤ ከደግ መምህር፣ ከደግ ባልንጀራ ያጋጥምህ።

እህትህ አክበረት