ፈረሴን የመለሰልኝ ሌባ ይመለስልኝ

ለተከበሩ የወረዳችን ዳኛ
ሱሉልታ፣ ጥር ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ፤ የዘንድሮው የሱሉልታ ብርድ አልተቻለምና እባክዎ ይደራረቡ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ፈረሴም ደህና ነው። ማመልከቻዎቼን በመመለስ ጸሐፊዎ እንዳይደክሙ ብዬ ይህን በሱቄ በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

እንደሚያስታውሱት፣ የጎረቤቴ ልጅ ሞቱማ ከደጄ የታሰረውን ፈረሴን ፈትቶ እስከ ወንዙ ከጋለበ በኋላ ውኃ አጠጥቶ መልሶ ሲያስረው ፖሊስ ያዘው፤ እርስዎም በፈረስ ስርቆት ሁለት ዓመት ፈረዱበት። ሰኞ ወደ ትልቁ ወህኒ ቤት ስለሚወሰድ፣ ከዚያ በፊት ምስጋናዬን ላቅርብ።

፩ኛ፤ ምንም እንዳልጠፋብኝ ስመሰክር፣ መሰረቄን አስረድተው ዝም ስላሰኙኝ አመሰግናለሁ። ለካስ ሳላውቀው ተሰርቄያለሁ!

፪ኛ፤ እናቱ አዴ ድንቄ ልጁ ገና አሥራ አንድ ዓመቱ እንደሆነ ብትምልም፣ እርስዎ ጎርናና ድምፁን ሰምተው ከአሥራ አምስት ዓመት ማለፉን ወስነዋል። ልጁ በጣቢያው ሲሚንቶ ላይ ሲያድር ሰንብቶ ጉንፋን ይዞት ነበር። ጉንፋን ሰውን በሳምንት ለአቅመ አዳም እንደሚያደርስ ከእርስዎ ተምረናል፤ ትንሿ ልጄ ራቢአ ትናንት ስታስል ብሰማ እንዴት እንደደነገጥሁ አይጠይቁኝ።

፫ኛ፤ ከነፍሰ ገዳይና ከቁልፍ ሰባሪ ጋር አንድ ክፍል ስለሰጡት፣ ፈረስ ከመፍታት በቀር ሙያ ያልነበረው ልጅ ዛሬ ጓጉንቸር በምስማር መክፈት ችሏል። ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ምን ተምራ እንደምትመጣ ለክቡርነትዎ በሚጻፍ ደብዳቤ ላይ አይነሣም።

ክቡር ሆይ፣ በጨዋ ደንብ ልጽፍ ብሞክርም አንጀቴ አርሯል። ልመናዬ አንድ ነው፤ የተሰረቅሁት እኔ ከሆንሁ ሌባውም የእኔ ነውና ለእናቱ ይልቀቁልኝ። ዋሱ እኔ ነኝ፤ ካልበቃሁ ሱቄንም ላስይዝ።

ከፍርድዎ በፊት ያልተሰረቅሁ፣ ከፍርድዎ በኋላ ግን በሕግ የተሰረቅሁ፣ እጅ ነሥቼ የምሰናበትዎ ታዛዥዎ፣
ሸምሰዲን አብዱረዛቅ፣ ባለ ሱቅ

ማሳሰቢያ፤ እግር ብረቱ ከልጁ ቁርጭምጭሚት እየሾለከ ስላስቸገረ፣ ዘበኛው እናቱን ጨርቅ አምጪ ብሏት ነበር። አዴ ድንቄ ሌላ ስላልነበራት አዝላ ያሳደገችበትን ነጠላ ቀድዳ እግሩ ላይ ጠምጥማለታለች። አሁን ልክ ሆኖታል።