ከጭሱ ጀርባ የነበረው ድምፅ

ለተወደድሽው እትዬ ሉዌላ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ በዚህ ብርድ አላስቸገረሽም? ባለቤትሽ ኦርቪልስ ደህና ነው? በቆሎው በረዶ ሳይጥል ገባላችሁ? የእማማ ዓይን ከሕክምናው በኋላ እንዴት ሆነ? ፊትሽን መለየት ጀመረች? እኔ ናፍቆታችሁ ካልሆነ በቀር ምንም አልሆንኩም። የላክሽው የፖም ማርማላታ ደርሶኛል፤ ዳቦ ላይ መቀባቱን ትቼ በማንኪያ እያገባደድኩት ነው።

ዛሬ የማጫውትሽ ስለ ሮይስ ነው። ሮይስን መቼም አትረሺውም፤ እሱ የወደብ መርማሪ፣ እኔ ደግሞ ረዳቱ ሆነን በቴሌቪዥን ስንሠራ እማማ "ይሄ ሰውዬ ቤት የለውም እንዴ፣ ዝናብ ላይ ቆሞ የሚያጨሰው?" የምትለው እሱ ነው። ወጪያችንን የሚችለው የሲጋራ ፋብሪካ ስለነበር ሳናጨስ የምንናገረው ነገር አልነበረም። ሬሳ ስናገኝ እንለኩሳለን፣ ገዳዩን ስንይዝ እንለኩሳለን። ማሳል ግን ክልክል ነበር።

በትርኢቱ ጸሐፊያችንን ሆና የምትሠራው ዲሊስ ጭስ አይስማማትም። አንድ ቀን በቀጥታ እየተላለፍን ሳለ ሳሉ ያዛትና አልለቅ አላት። እኛ ደርቀን ቀረን። ሮይስ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ኮቱን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገና፣ በዚያ ጎርናና ድምፁ "የወደቡ ጭጋግ እኮ ለሰው አያዝንም" አላት። ስንጨርስ የፋብሪካው ሰውዬ ፊቱ በርበሬ መስሎ መጣና "ይቺ ሴትዮ ከነገ ጀምሮ እንዳላያት!" አለ። ሮይስም "እንግዲያው እኔንም አታየኝም" አለው። ሰውዬው አጉረምርሞ ሄደ፤ ዲሊስም ቀረች። በዓመቱ ተጋቡ፤ ሚዜው እኔ ነበርኩ።

እትዬ፣ ያን ጊዜ እንዴት እናምር ነበር! በመብራቱ ሥር ጭሱ እንደ ሐር ሻሽ ሲንሳፈፍ፣ ባርኔጣችንን አዘንብለን ስንቆም፣ የማንሞት ይመስለን ነበር።

ባለፈው የጸደይ ወራት ሮይስ ጉሮሮው ላይ ዕጢ ተገኘበትና ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ነፍሱ ተረፈች፤ ድምፁ ግን ሄደ። አሁን የሚናገረው አንገቱ ላይ በሚያስጠጋት ትንሽ መሣሪያ ነው፤ እሷም እንደ ንብ ትጮኻለች። ልጁ ደግሞ በዚህ መከር ከካሊፎርኒያ ጠቅልላ መጥታ እነሱ ጋ ገብታለች። የልጅ ልጁ ማርሊስ ገና አራት ዓመቷ ነው፤ የአያቷን ድምፅ ሰምታ አታውቅም። ያቺን መሣሪያ ባነሳ ቁጥር እየጮኸች ጠረጴዛ ሥር ትገባለች። ያን ሁሉ ሕመም ዋጥ አድርጎ የቻለው ሰውዬ በዚህ ጊዜ ልቡ ተሰበረ። ልጅቷ ስትመጣ መሣሪያዋን ኪሱ ከቶ ዝም ማለት ጀመረ።

ባለፈው እሑድ ለምሳ ጠሩኝ። ዶሮውን በልተን እንደጨረስን ዲሊስ ቴሌቪዥኑን ብትከፍተው የእኛው የድሮ ትርኢት! ጣቢያው እንደገና ማሳየት ጀምሮ ኖሯል። ሮይስ በወጣትነቱ ዝናብ ላይ ቆሞ ይናገራል።

"ይሄ ማነው?" አለች ማርሊስ።

"አያትሽ ነው" አለቻት ዲሊስ።

"ውሸት! አያቴ እንደ ንብ ነው የሚያወራው።" ወዲያው ደግሞ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ሮይስ ሲጋራውን ሲለኩስ አየችና ወደ አያቷ ዞረች፤ "አያቴ፣ ከአፍህ ጭስ ወጣ! እሳት ውጠህ ነው?"

ማናችንም አልሳቅንም። ሮይስ መሣሪያዋን ከኪሱ አወጣና "አዎ፣ የኔ ቆንጆ። ብዙ ዓመት ዋጥኩት" አላት።

ልጅቷ ይህን ጊዜ ጠረጴዛ ሥር መግባቱን ረስታ ከወለሉ ላይ እርሳስ አነሳች። በሁለት ጣቶቿ ያዘችው፣ አንገቷን ልክ እንደ እሱ ሰበር አደረገችና ወደ ጣሪያው እፍ አለች። እንዴት ያምርባታል መሰለሽ! የሮይስ ፊት ግን አመድ ሆነ። ተነሣ፣ ከሶፋው ላይ ብርድ ልብሱን ሳበና የቴሌቪዥኑን መስተዋት ሸፈነው። ድምፁን ግን ከፍ አደረገው።

ልጅቷ እርሳሱን ጥላ ሄደችና ጆሮዋን ብርድ ልብሱ ላይ ለጠፈች። ዲሊስ ሳህን የምታነሳ መስላ ወደ ማድ ቤት ገባች። በጨርቁ ጠርዝ ሰማያዊ ብርሃን ይፈነጥቃል፤ ከሥሩ የዛሬ ሃያ አራት ዓመት የነበረው ፊታችን አለ። ምን እዋሻለሁ፣ ገልጬ ማየት አምሮኝ ነበር። እጄን ሰብስቤ ተቀመጥኩ።

ትርኢቱ ሲያልቅ ማርሊስ ወደ አያቷ መጣች። አንገቱ ላይ ያለውን ጠባሳ በጣቷ ነካ አደረገችና "ያ ድምፅ ያንተ ነበር?" አለችው። ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። "ያምር ነበር" አለችና ጭኑ ላይ ወጣች። ከዚያ መሣሪያዋን አንሥታ ራሷ አንገቱ ላይ አስጠጋችለትና "በል አሁን አውራ" አለችው።

እማማን በእኔ ስም ጉንጯን ሳሚልኝ። ለኦርቪል የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ኢዳንና ክላይድን፣ አጎታችሁ ለበዓሉ በባቡር ይመጣል፣ ፈረሱን አዘጋጁለት በያቸው። አንቺም ጉልበትሽን በሱፍ ጠቅልይ።

ወንድምሽ ዌንደል

ኒው ዮርክ፣ ኅዳር 1973 እ.ኤ.አ.