ዝናቡን አላጠፋውም

ውድ ልጄ፣

ባለፈው ቅዳሜ ስትሄድ በሩ ላይ ቆመህ «እማዬ፣ እኛ ጋ መጥተሽ መኖሩን አስቢበት» አልከኝ። አስቤበታለሁ። በስልክ ያልነገርኩህ ስልክ ላይ ሰው ስለማታስጨርስ ነው፤ «እሺ፣ እሺ፣ ገባኝ» ትላለህ፣ የገባህ ነገር ግን የለም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልህ። እስከ መጨረሻው አንብበው።

መጀመሪያ ወጥ ቤት ሆኜ የሰማሁትን ልንገርህ። ለሚስትህ «የልጆቹን ክፍል እንሰጣታለን፤ ያንን የጌም ኮምፒውተር ግን እሸጠዋለሁ፤ አንድ ቀን ቤቱን ያቃጥልባታል» ስትላት ነበር። ምራቴ፣ ዕድሜ ይስጣትና፣ «እሷን ጠይቀሃታል?» አለችህ። አንተ ደግሞ «ምኗን እጠይቃታለሁ፤ አባባ ስለናፈቃት እኮ ነው እዚያ ላይ የምትውለው» አልክ።

አባትህ ይናፍቀኛል። እዚያ የመኪና ጌም መሪ ላይ የምቀመጠው ግን ለእሱ ብዬ አይደለም። አባትህ ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ እኔ ጋቢና ከጎኑ ተቀምጬ ብርቱካን እየላጥኩ አጎርሰው ነበር። መንዳት አስተምረኝ ባልኩት ቁጥር «ምን አሳጣሁሽና?» ብሎ ይስቃል። ደግ ሰው ነበር። ያሳጣኝ ነገር ቢኖር እሱኑ መሪውን ነው። ካረፈ በኋላ መንጃ ፈቃድ ላወጣ ሄጄ የዓይን ምርመራው ጣለኝ። ትስቅብኛለህ ብዬ አልነገርኩህም። አንተ አግብተህ ስትወጣ የተውከውን ኮምፒውተር አቧራውን ልጠርግ ገብቼ፣ ጠረጴዛው ላይ በብሎን የታሰረውን መሪ ያዝኩት። ያን ቀን ምሳ መብላቴንም እንጃ።

ቅዳሜ የሆነውን አይተሃል። ጌሙ ውስጥ ተሳቢ እየጎተትኩ ረጅሙን ቁልቁለት ስወርድ የኮምፒውተሩ ፋን እንደ ወፍጮ አጓራ፤ ከዚያ ሁሉም ነገር ድርግም አለ። አንተ «ይኸው» አልክ። ስታሸንፍ የምታሳየውን ፊት ከልጅነትህ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

እንደሄድክ ኮምፒውተር ጠጋኙን ጠራሁት። ጎኑን ሲከፍተው ከውስጡ የወጣው አቧራ ትራስ ይሞላል። «እናቴ፣ የሚግለው ፕሮሰሰሩ፣ አንጎሉ ነው» አለኝ። «ሲግልበት ራሱን ለማዳን ያጠፋል እንጂ ቤት አያቃጥልም።» ጠራረገው፣ ከፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ሥር ደርቆ የነበረውን ቅባት ቀየረ። ሜዳ ሜዳውን ጥሩ ሄደልኝ። ጌሙ ውስጥ ዝናብ ሲመጣና ከተማ ስገባ ግን ያው ሆነ።

ተመልሶ መጣ። «ወይ ትልቅ ማቀዝቀዣ እንግጠምለት፣ ወይ ሥራውን እናቅልለት» አለ። «ከጌሙ ላይ ዝናቡን እናጥፋው፤ መንገዱ ላይ ያሉትንም መኪኖች እንቀንሳቸው። ለእርስዎ ይበቃል።»

እውነቱን ልንገርህ፣ እሺ አልኩት። ያረጀ ዕቃ ነው፣ ምን አደከመኝ ብዬ። ዝናቡን አጠፋው፤ መኪኖቹንም ቀነሳቸው። እኔም በዚያ መንገድ ሰነበትኩ። አስፋልቱ ደረቅ ነው። የሚቀድመኝ የለም፣ መብራት የሚያበራልኝ የለም፤ ብሳሳት የሚጮህብኝ እንኳ የለም። ኮምፒውተሩ አንዴም አልጠፋም። እኔ ግን እየደጋገምኩ ማዛጋት ጀመርኩ። አንድ ከሰዓት በኋላ መንገዱ መሐል መኪናዋን አቁሜ ተነሳሁና መስኮቱ ጋ ቆምኩ። ያ «ለእርስዎ ይበቃል» ያለው ነገር በጆሮዬ ይዞራል። የልጆቹን ክፍል እንሰጣታለን ስትልም ያሰብከው ይህንኑ ነው ልጄ፤ አልጋና መስኮት ይበቃታል ማለትህ ነው። ለመሆኑ ሳትጠይቁኝ እንደሚበቃኝ ማን ነገራችሁ?

ጠጋኙ ጋ ደወልኩ።

«ትልቁን አምጣልኝ» አልኩት።

«ኮምፒውተሩ እኮ አርጅቷል እናቴ። ነገ ቢበላሽስ?»

«ነገ ከተበላሸ ማቀዝቀዣውን ፈትተህ ለሚቀጥለው ትገጥምልኛለህ።»

ሳቀ። «የሚሆን ነገር ነው» አለ።

ሲገጥመው የእጅ ባትሪ የያዝኩለት እኔ ነኝ። አዲሱ ሙልሙል ዳቦ ያክላል፣ ሁለት ፋን አለው። የጎኑ ክዳን ለትንሽ አልገጥም ስላለን ክፍቱን ተውነው። አያምርም። የገዛሁት እንዲያምር አይደለም።

ሲሄድ ዝናቡን መለስኩት፤ መኪኖቹንም ሁሉንም መለስኳቸው። ያንኑ ቁልቁለት ያዝኩ። የመስታወት መጥረጊያው ይመላለሳል፣ ከኋላዬ አንዱ ጥሩምባውን ያስጮኻል፣ እኔ እግሬን ፍሬን ላይ አድርጌ «አሁን ይጠፋል፣ አሁን ይጠፋል» እላለሁ። አልጠፋም። ታች ወርጄ ጭነቱን አራገፍኩ። ልጄ፣ እንዲህ ደስ ካለኝ ስንት ጊዜዬ።

እንግዲህ መልሴ ይኸው ነው። የልጆቹን ክፍል ለልጆቹ ተውላቸው። ልጠይቃችሁ እመጣለሁ፣ የልጅ ልጆቼን ስሜ አጫውቼ፣ ቦርሳዬን ይዤ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። መነሳት ያቃተኝ ቀን ራሴ እነግርሃለሁ፤ ከእኔ ቀድመህ ለእኔ አትወስን። ኮምፒውተሩንም አትሸጠውም። ትተኸው የሄድከው ዕቃ ነው፤ አሁን የእኔ ነው።

አትቀየመኝ። ብትቀየመኝም ይበርድልሃል፤ አውቅሃለሁ። ምራቴን ሳምልኝ፤ ጠይቃት ስላለችህ አመስግንልኝ።

ደግሞ ስትደውል ካላነሳሁ ጎረቤት እያስቸገርክ በሬን አታስደብድብ። አልሞትኩም፣ መንገድ ላይ ነኝ።

እናትህ