ሽቦውን ያሰርኩት እኔ ነኝ አልኳቸው

ለምወድህ ወንድሜ ለጋሼ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ያ ስትጎነበስ የሚይዝህ ወገብህስ ተሻለህ? እትዬስ፣ ልጆቹስ? የትልቋ የፊት ጥርስ ወልቆ ነበር፤ ተተካላት ወይስ አሁንም ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች? ያ ጩኸታም አለቃህስ እንዴት ይዞሃል? ብርዱ በርትቶብናል ብለህ ስለነበር እማዬ ካልሲ ደርቦ ይተኛ ብላሃለች። እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ ጤና ያጣው መኪናው ብቻ ነው። እሱንም ሆስፒታል እንደተኛ ዘመድ እየተመላለስኩ እጠይቀዋለሁ፤ የቀረኝ ብርቱካን ይዞ መሄድ ነው።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አስፈለገው እንደምትል አውቃለሁ። ባለፈው ደውለህ «አንተ ጅል፣ በገዛ እጅህ ዋስትናውን ገደል ከተትከው» ብለህ ስትጮህብኝ መልስ ያልሰጠሁህ አኩርፌ አይደለም። አባባ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ተጭኜ ይዤው እንጂ ድምፅህ እኮ ቤቱን ሊሞላው ነበር። ስጨርስ ምን አለ ብለው ሲጠይቁኝ፣ ሰላም ብሏችኋል አልኳቸው። እንዲህ ያለ ረጅም ሰላምታ ሰምቼ አላውቅም ብለው ሳቁ። መልእክት እንዳልጽፍልህ ደግሞ ቤት ስገባ ስልኬ የቤቱ ሁሉ ነው፤ ልጆቹ የመጣውንም የሄደውንም ጮክ ብለው ለአያታቸው ያነባሉ። ነርሷ ጎረቤታችን ወደ እናንተ ስለምትመጣ ይህን በእጇ ልኬልሃለሁ። ብቻህን ሆነህ አንብበው።

አንተ የሰማኸው መኪናውን የሸጠልን ድርጅት ደውሎ የነገረህን ብቻ ስለሆነ ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። አሮጌውን ሸጠን አዲሱን ስንገዛ፣ አዲስ መኪና ዋስትና አለው፣ ቢበላሽ የሻጩ ራስ ምታት ነው ብለኸን ነበር። ልክ ነህ፤ ራስ ምታቱ ግን መንገድ ስቶ እኔ ጋ ገባ። ገና የወንበሩ ላስቲክ ሳይነሳ፣ ሲሚንቶ ጭኜ ትልቁን ዳገት እኩሌታ ላይ ስደርስ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት በራ። መኪናው ጉልበት ከዳው፤ ነዳጅ ብረግጥ፣ ብረግጥ አልሰማ አለኝ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ ጥሩንባውን ይነፋብኛል። አንዱማ መስኮቱን አውርዶ፣ መንዳት ካልቻልክ ለምን ሱቅ አትከፍትም አለኝ። ይህን ሁሉ ዘመን ስነዳ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ጎታች መጥቶ ወሰደን።

የሻጩን ግቢ ብታየው ሠርግ ቤት ይመስልሃል። ከፊት ለፊቱ መስታወት ነው፤ ወለሉ ያብረቀርቃል፤ በየጥጉ የፕላስቲክ አበባ ቆሟል። የጋራዡን ኃላፊ ስሙን የሚያውቅ ሾፌር የለም፤ ሁላችንም አቶ ነገ ነው የምንለው። ነገ ና፣ ነገ እናየዋለን፣ ነገ ይደርሳል ከማለት ሌላ ነገር ከአፉ ስለማይወጣ ነው። አቶ ነገ ኮምፒውተሩን ሰካበትና ምንም አላሳየም አለኝ። ዳገቱ ላይ ቀጥ ብሏል እኮ ብዬ ብነግረው፣ ኮምፒውተሩ ግን ምንም አላሳየም አለኝ።

መኪናውን ሲመልሱልኝ ታጥቦ፣ ጎማው ጥቁር ተቀብቶ፣ ጋቢናው ሽቶ ተረጭቶበት ነው። እኔ የምከሰው ሞተሩን፣ እነሱ የሚወለውሉት መስታወቱን። እሺ ብዬ ይዤው ሄድኩ፤ እዚያው ዳገት ላይ እንደገና ተገተረ። እንደገና ጎታች፣ እንደገና ኮምፒውተር፣ እንደገና ሽቶ። ኋላማ መንገድ ዳር ቆሜ ጎታች ስጠብቅ ስልኬ ጠራ፤ አንዲት ለስላሳ ድምፅ ከድርጅቱ ደውላ በአገልግሎታችን ምን ያህል ረክተዋል ብላ ጠየቀችኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩላት አልጽፍልህም፤ ምናልባት ወረቀቱ እትዬ እጅ ይገባ ይሆናል።

መጠበቂያው ክፍል ውስጥ አንድ የውሃ ቦቴ ሾፌር አለ። ከመመላለሱ ብዛት ከቤቱ የራሱን ብርጭቆ አምጥቶ መስኮቱ ላይ አስቀምጧል። መጀመሪያ ቀን ያኛው ወንበር እግሩ ይወዛወዛል፣ እዚህ ተቀመጥ፣ ገና ብዙ ትቀመጣለህ አለኝ። እኔ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እንደተናገረው ግን እግሬ እስኪነቃ ተመላለስኩ። ያ ሁሉ ደንበኛዬ የውሃ ሽታ ሆነ። ከእኔ ሌላ ሾፌር አላምንም ይል የነበረው የሲሚንቶ ነጋዴ እንኳ፣ መኪናህ ሲድን ብቅ በል ብሎ ጭነቱን ለሌላ ሰጠው። ምን አደርጋለሁ?

ጮኼም ለምኜም በመጨረሻ ሞተሩን ከፍተው አዩት። የናፍጣ ፓምፑ ነው፣ በዋስትናው ይተካልሃል አሉኝ። ያን ቀን ሥጋ ገዝቼ ነው ቤት የገባሁት። አባባም አልነገርኳችሁም ወይ፣ አዲስ ነገር ባለቤት አለው ብለው ለጎረቤቱ ሁሉ አወሩ።

በማግስቱ አቶ ነገ ጠርቶ ከመኪናው ሥር አስገባኝ። ባትሪውን አብርቶ ይሄ ምንድን ነው አለ። አየኋት። ከፓምፑ ራቅ ብላ አንዱን ቱቦ ከመኪናው የብረት አጥንት፣ ከሻንሲው ጋር ያሰረች ቀጭን ሽቦ ናት። ቱቦው እንዳይፋቅ ከሥሯ የጎማ ቁራጭ ተደርጎላታል፤ ተጠምዝዛ ካለቀች በኋላ ጫፏ ወደ ውስጥ ታጥፏል። የማን እጅ እንደሆነ ልንገርህ? የአንተን የትምህርት ቤት ቦርሳ ማን ነበር የሚያስረው? የእማዬን የድስት ክዳን፣ የበራችንን ማጠፊያ፣ የእህታችንን ጫማ ሳይቀር? አንድ ጊዜ ሽቦ ክንድህን ቧጥጦህ ካለቀስክ ወዲህ አባባ ጫፉን ሳያጥፉ አስረው አያውቁም።

አንተ ከሄድክ ወዲህ አባባ ብዙ ተለውጠዋል፤ በስልክ አይታወቅህም። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ሾርባ ሲጠጡ እማዬ አላየሁም ብላ ፊቷን ታዞራለች። መንጃ ፈቃዳቸውን ካላደሱላቸው ጊዜ ጀምሮ በቤቱ ጉዳይ የሚጠይቃቸው የለም፤ እሳቸውም አይናገሩም። የመኪናውን ድምፅ ሲሰሙ ግን ይነሳሉ። ፒንሳቸውን ከአልጋ ሥር አውጥተው፣ ጆንያ አንጥፈው ከመኪናው ሥር ይገባሉ። እኔ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ቀጭ ቀጭ ሲያደርጉ እሰማለሁ። ከዚያ ይወጡና፣ ጤነኛ ነው፣ ነገ ግባበት ይሉኛል። እጃቸውን ሲታጠቡ ልታያቸው ይገባ ነበር፤ የጥንቱ ሾፌር ናቸው። ስንረከብ ከድርጅቱ መካኒክ በቀር ማንም እንዳይነካው ተብዬ ነበር። ይህን ለአባባ ልንገራቸው? አንተስ ብትሆን አፍህ ይከፈትልህ ነበር?

አቶ ነገ የውጭ እጅ ገብቶበታል፣ ዋስትናው ቀረ አለኝ። ከውጭ ያለ ቱቦ ላይ የታሰረች ሽቦ ውስጥ ያለውን ፓምፕ እንዴት አድርጋ ገደለችው ብዬ ብጠይቀው ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። ቦቴ ሾፌሩም ብርጭቆውን እንደያዘ ወጥቶ ተከራከረልኝ። አቶ ነገ ትንሽ አሰበና፣ እንግዲያው ያሰረው ሰው ይምጣ፣ ሌላ ምንም አለመክፈቱን በፊታችን ያስረዳ፣ ምናልባት የበላዮቹ ያስቡበት ይሆናል አለ።

ጋሼ፣ እንደዚያ ጊዜ ጨንቆኝ አያውቅም። አባባን አሰብኳቸው። ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ጢማቸውን ተላጭተው፣ እዚያ መስታወት ቤት ውስጥ ተቀምጠው ታዩኝ። ምኑን ነካህ፣ በምን ነካኸው እያሉ ሲጠይቋቸው፣ እነዚያ ቱታቸው ቅባት የማያውቅ ጎረምሶች ሁሉ እጃቸውን ሲያዩት ታዩኝ። ከዚያም ልጃቸውን ሥራ ያስፈታው የእሳቸው ሽቦ ነው መባሉን ይሰማሉ። ከእንግዲህ ከየትኛው መኪና ሥር ይገባሉ? ሳላስበው፣ ሽቦውን ያሰርኩት እኔ ነኝ አልኩ። ፓምፑንስ ነክተሃል ወይ ሲለኝ፣ ልነካካው እችላለሁ፣ አላስታውስም አልኩ፤ አልነካሁም ብል ሌላ ሰው አለ ብሎ ቤት ድረስ እንዳይመጣ ፈራሁ። አቶ ነገ ያን ቀን ነገ አላለም። ዋስትናው መሰረዙን እዚያው በሰዓቱ ጨረሰልኝ፤ መኪናው በስምህ ስለሆነ ለአንተም ወዲያው ደወለልህ። በዚያ ግቢ ሲፈጥኑ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ስለዚህ ጅል ያልከኝ እንደሆነ እሺ፣ ጅል ነኝ። ግን ቅስሜን ሰበርከው። እነሱ ቢሰድቡኝ ሻጭ ናቸው፤ አንተ ግን አንድ አልጋ ላይ ያደግን ወንድሜ፣ እሱ እንዲህ አያደርግም፣ አንድ ነገር ቢኖር ነው ትላለህ ብዬ ነበር። አሁን የሰው መኪና ተቀጥሬ እነዳለሁ፤ የራሳችን እዚህ ሻጩ ግቢ ውስጥ አቧራ ለብሶ ቆሟል። አውጣ እያሉኝ ነው። ከውጭ መካኒክ አፈላልጌ አወጣዋለሁ፤ እሱን ለእኔ ተወው።

ይበልጥ የሚያንገበግበኝን ልንገርህ። አባባ መኪናው በዋስትና እየታከመ ነው ብለው ያምናሉ። ማታ ማታ ከራት በኋላ ሻጮቹን ይመርቃሉ። እንዲህ ያለ ደግ ድርጅት፣ ዕቃ ከባሕር ማዶ ድረስ አስመጥቶ የሚጠግን፣ እግዜር ይስጣቸው ይላሉ። እኔ አሜን እላለሁ፤ ልጆቹም አሜን ይላሉ። ምርቃቱ ሁሉ የሚደርሰው ለአቶ ነገ ነው። የምለምንህ አንድ ነገር ነው፤ ስትደውል የሽቦ ነገር ከአፍህ እንዳይወጣ። ከጠየቁህ ዕቃ እየጠበቁ ነው በላቸው።

እዚህ ወረቀት ውስጥ ተጠቅልላ የመጣችው እሷ ናት። አቶ ነገ በመቁረጫ በጥሶ መሬት ላይ ጣላት፤ አነሳኋት። ቤት እንዳላስቀምጣት አባባ ሥራቸውን ያውቁታል፤ እንዳልጥላትም እጄ እምቢ አለኝ። አንተ ጋ ትቀመጥ። ስትይዛት ተጠንቀቅ፤ አባባ ባጠፉት በኩል አትወጋም፣ እነሱ በቆረጧት በኩል ግን ስለታም ናት።

እትዬን በጣም ሰላም በልልኝ። ትልቋን ጥርሷን ሳትሸፍን ፎቶ ተነስታ ትላክልኝ፤ ትንሹን ጉንጩን ሳምልኝ። እማዬ ካልሲውን አትርሳ ብላለች። ባለቤቴ እጅ ነስታሃለች፤ የተቆጣኸኝን አልነገርኳትም፣ ስለዚህ አሁንም ትወድሃለች። ልጆቹ አጎቴ እያሉ ስምህን ይጠራሉ። አባባ ደግሞ ዛሬ ጠዋት ለአንተ ልጽፍ መሆኔን ስነግራቸው ፒንሳቸውን እየወለወሉ ነበር። ሰላም በልልኝ፣ ስለ መኪናው እንዳያስብ ንገረው፣ እኔ አስሬዋለሁ ብለዋል።

ታናሽ ወንድምህ

ከሻጩ ግቢ፣ ከቆመው መኪናችን ጋቢና ውስጥ
ኅዳር 14 ቀን