ደወል አይሰማም ተብሎ ስለቀረው ወንድሜና ስለወሰዳችሁት ፈረሱ

ታኅሣሥ 2003 ዓ.ም.
ደባርቅ

ለክቡር የብሔራዊ የፈረስ ትርዒት ቡድን አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን በትሕትና አቀርባለሁ። ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ሥራውስ፣ ስብሰባውስ? እኛ ደኅና ነን፤ ደኅና አይደለንም ብሎ ደብዳቤ መጀመር ነውር ስለሆነ።

ምናልባት ረስተውኝ እንደሆነ፣ የትናየት ገዱ እባላለሁ፤ እዚሁ ደባርቅ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። በ2001 ዓ.ም. ጥምቀት ማግሥት «አስተርጓሚዋ» እያሉ ይጠሯት የነበረችው ሴት ነኝ። የማስተረጉምለት ሰው ታናሽ ወንድሜ ማንያዘዋል ነው። በአራት ዓመቱ ማጅራት ገትር ይዞት ዳነ፤ መስማቱና አፉ ግን አብረውት አልዳኑም። የምንግባባው ልጆች ሆነን እኔና እሱ በፈጠርነው የእጅ ምልክት ነው። ያንን ቋንቋ በዓለም ላይ የምናውቀው ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን።

ይህን ግልጽ ደብዳቤ የምጽፈው ለኮሚቴው ያለብኝን የምስጋና ብድር በተራ በተራ ለመክፈል ነው።

አንደኛ፦ ወንድሜን ስላዩት አመሰግናለሁ። ታቦቱ ሲመለስ ማንያዘዋል ፈረሱን ቦራን ጭኖ ከፊት ነበር። ቦራ እግሩን ቀስ አድርጎ እያነሣ፣ አንዴ ወደ ጎን፣ አንዴ ወደ ኋላ እየተራመደ፣ ለታቦቱ ጀርባውን ሳይሰጥ ሜዳውን አቋረጠ። እርስዎ ሕዝቡን ገፍተው መጡና «ማነው ያሠለጠነው?» አሉኝ። ራሱ ነው አልኩ። «በምን ቃል ነው የሚያዘው?» አሉ። ቃል የለውም፣ አይሰማም አይናገርም አልኩ።

ያን ጊዜ በደስታ እጅዎን አጨበጨቡ። «ድሬሳዥ» የሚባል የኦሊምፒክ ውድድር እንዳለ፣ በዚያ ውድድር ፈረሰኛው ለፈረሱ ድምፅ ካሰማ ነጥብ እንደሚቀነስበት፣ ትእዛዙ ሁሉ በጉልበት፣ በአቀማመጥና በጣት ብቻ እንደሆነ አስረዱኝ። «ይህ ሰው ለዚህ የተፈጠረ ነው!» አሉ። እኔም በእጄ ነገርኩት፤ የጎደለህ ነገር እዚያ አያስፈልግም አልኩት። ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። በሃያ ስድስት ዓመት ዕድሜው እንዲህ ብሎት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ለዚያች ቀን ከልቤ አመሰግናለሁ፤ ይህኛው አሽሙር አይደለም።

ሁለተኛ፦ ስለ ፍርድዎ ርቱዕነት አመሰግናለሁ። በሚያዝያ ዳባት ሜዳ ላይ በተደረገው ምርጫ ከአሥራ አንድ ፈረሰኞች ወንድሜ አንደኛ ወጣ። በሁለት ሳምንቱ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት መጣ፤ «ተወዳዳሪው የመነሻውን ደወል መስማት ስለማይችል ለቡድኑ ብቁ ሆኖ አልተገኘም፤ ፈረሱ ግን ብቁ ነው» ይላል። ደወሉ ሲመታ አንድ ሰው ነጭ መሐረብ ቢያውለበልብለትስ ብዬ ጠየቅኩ። «እትዬ፣ ደንቡ አይፈቅድም» አሉኝ። ኮሚቴው ደንብ አክባሪ በመሆኑ ኮራሁ።

ማንያዘዋል ፈረሱን አልሰጥም አለ። እርስዎም ቤታችን ድረስ ደክመው መጥተው፣ «ፈረሱ ይቅደም፤ እሱ በወሩ ባልደራስ ሆኖ ይከተለዋል። ቃሌ ነው» አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ይታገሡኝ። ያ ቃል የእርስዎ ነበር፤ ለወንድሜ የደረሰው ግን በእኔ እጅ ነው። ረጅም ጊዜ እጄን ሳይሆን ፊቴን ሲያይ ቆየ። ከዚያ እሺ አለ። ቦራ ለሌላ ሰው አይሱዙ ላይ አልወጣ ስላለ ራሱ አስወጣው። ሾፌሩን ይዞ ፈረሱ የሚወደውን ሁሉ በእጁ ሊያስረዳው ሞከረ፤ ሾፌሩ ሳቀና መኪናውን አስነሣ።

ሦስተኛ፦ ስለ ትዕግሥት ትምህርቱ። ወሩ አለፈ። ማንያዘዋል በየማለዳው ጫማውን ጠርጎ፣ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ከጎንደር መኪና የሚገባበት መንገድ ላይ ይቆማል። መጡ? ብሎ ማታ ይጠይቀኛል። ነገ እላለሁ። ቢሯችሁ ስደውል ማመልከቻ አስገቢ ተባልኩ፤ አስገባሁ። አልደረሰም ተባልኩ፤ ደግሜ አስገባሁ። አራት ማመልከቻ ጽፌ አንዱም መልስ አላገኘም።

ከዚህ በኋላ ያለውን በቁጥር ማስቀመጥ ስላልቻልኩ ይቅርታ።

በሐምሌ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አዲስ አበባ ወረድኩ። ቦራን በቡድናችሁ ጋጣ ውስጥ አገኘሁት። የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል፤ ሁለቱም ጎኑ በተረከዝ ብረት ተወግቶ ቆስሏል። አሠልጣኙ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ወንበር አቀረቡልኝና፣ «ይህ ፈረስ ደንቆሮ ነው መሰለኝ። ብንጮኽበት፣ ብንጮኽበት አይሰማም» አሉኝ። ሳቅሁ። ሳቄን ማቆም አቅቶኝ ውኃ አመጡልኝ።

ሻረው የሚባል የቡድኑ ፈረሰኛ እዚያ ነበር። አትጩኽበት፣ ልጓሙን አላላ፣ በጉልበትህ ብቻ ንካው አልኩት፤ ወንድሜ ሲያደርግ ያየሁትን ነው የነገርኩት። ሻረው ማንም ሳያዘው ብረቱን ከተረከዙ ፈትቶ ጣለና ወጣበት። ቦራ ቆመ። ጆሮውን ወደ ኋላ መለሰ፤ ከዚያ እግሩን ቀስ አድርጎ አነሣና ወደ ጎን መራመድ ጀመረ። ሻረው ሲወርድ ዓይኑ እንባ ሞልቶ፣ «እትዬ፣ በእናትዎ ወንድምዎን ያምጡልን። እኛ ይህን ፈረስ እየገደልነው ነው» አለኝ። አብሮኝ ቢሮዎ ድረስ ገባ። እርስዎም በትሕትና አዳመጡንና፣ «ጥሩ ሐሳብ ነው፤ በሚቀጥለው ስብሰባ እናየዋለን» አሉ።

ቀጣዩ ስብሰባ በኅዳር ነበር። ቦራ በጥቅምት ሞተ። የላካችሁልን ወረቀት «ከፍተኛ እንክብካቤ እየተደረገለት ሳለ በሆድ ቁርጠት ሕይወቱ አልፏል» ይላል። ያንን ወረቀት ለወንድሜ ያነበብኩለት እኔ ነኝ፤ ሌላ የሚያነብለት የለውም።

መጀመሪያ አልገባውም መስሎኝ ደገምኩለት። ሲሞት ማን አጠገቡ ነበር? አለኝ። አላውቅም አልኩ። በኋላ ሁለቱን እጆቼን ይዞ ገለበጣቸው፤ መዳፌን አየ፣ ጀርባውን አየ። በእነዚህ ነው የነገርሽኝ ማለቱ ነበር። የእኔ ቃል አይደለም፣ የሰውዬው ነው ልለው እጄን ከእጁ አላቀቅኩ። ዓይኑን ጨፈነ።

ክቡር ሆይ፣ እኛ መስማት ያልፈለግነውን ስንሰማ ጆሯችንን እንይዛለን፤ እሱ ዓይኑን ይጨፍናል። ትከሻውን ያዝኩ፣ ፊቱን ዳበስኩ፣ ለመንኩት። አልገለጠም።

በሳምንቱ ሰሜን ተራሮች ውስጥ ወዳለው ሳንቃ በር ሄደ። አሁን የቱሪስት ዕቃ የሚጭኑ በቅሎዎች ይነዳል። አለቃው፣ «ጎበዝ ሠራተኛ ነው፤ ፈረስ ሲያይ ግን መንገድ ይቀይራል» ይለኛል። ቅዳሜ ለገበያ ሲመጣ እጠብቀዋለሁ። እጄን ከማንሣቴ ዓይኑን ወደ መሬት ይጥላል። ይኸው ዓመት ከሁለት ወር ሆነው። በዚያ ቋንቋ የማናግረው ሰው የለኝም። አንዳንዴ ክፍል ውስጥ ሳስተምር እጄ ብቻዋን ትነሣለች፤ ተማሪዎቼ ዝንብ የማባርር ይመስላቸዋል።

ካሣ አልጠይቅም። ሌላ ፈረስም አልፈልግም። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይምጡና ፊቱ ይቁሙ። እኔ ብናገር አያየኝም፤ እንግዳ ሰው ግን ያያል። ምልክቶቹን ቀድሜ አስተምርዎታለሁ፤ አራት ናቸው። ደረትዎን ይነካሉ፤ እኔ ማለት ነው። በጣትዎ ከአፍዎ ጠማማ መስመር ያወጣሉ፤ ዋሸሁ ማለት ነው። ወደ እኔ ይጠቁማሉ። መዳፍዎን ይዘረጋሉ፤ ንጹሕ ናት ማለት ነው። ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ድምፅም አያስፈልገውም።

ለፈረስ የሚራራ ልብ፣ ለደንብ የሚገዛ ብዕር፣ ለቃሉም ረጅም ዕድሜ ለተሰጠው ለክቡርነትዎ በታላቅ አክብሮት ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣

የማንያዘዋል እህት
የትናየት ገዱ
(መምህርት)

ማስታወሻ፦ ኮሚቴው ለአዲስ ዙር ምርጫ በዳባትና በደባርቅ ፈረስ ያላቸው ሁሉ በጥር እንዲቀርቡ በሬድዮ ያስነገረውን ማስታወቂያ ሰምተናል። ወንድሜ እንዳልሰማ ያውቃሉ። የቀሩት ባለፈረሶች ግን ሰምተው እንዳይሳሳቱ፣ ይህን ደብዳቤ ይዤ በየቤታቸው እየዞርኩ እያነበብኩላቸው ነው።